አራት ሜትሩ እንጨት

ሰፈሩ ሁሉ «ሴንቲ» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ድልድዩ ስር እየወረደች፣ ምሰሶው ላይ የታሰረውን ባለቁጥር እንጨት አይታ የወንዙን ከፍታ ለዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ ስትናገር አንዲት ሴንቲ ሜትር ዋሽታ አታውቅም። ባሏ ቢያመሽ እንኳ ዝም ብላ «ቆየህ» አትለውም፤ «አሥራ አንድ ደቂቃ» ነው የምትለው።

እንጨቱ አራት ሜትር ነው። ድሮ ይበቃ ነበር። ከላይ ያለው ደን ተመንጥሮ ካለቀ፣ ዝናቡም የወሩን ባንድ ቀን መዘርገፍ ከጀመረ ወዲህ ግን ወንዙ እንጨቱን መዋጥ ለመደ። መንግሥት ታዲያ የአየር ንብረት ለውጥን እቋቋማለሁ ብሎ ታች ሰፈር የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ተከለ። እሰየው! ሳይረኑ የሚጮኸው ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ሲያዝ ነው፤ የሚያዘው ደግሞ ውሃው አምስት ሜትር ሲደርስ። እስቲ አሁን በአራት ሜትር እንጨት አምስት ሜትር የሚነበበው በየትኛው ዓይን ነው?

ረዘም ያለ እንጨት ላኩልኝ እያለች ሦስት ዓመት ጻፈች። ጆሮ ዳባ ልበስ። አንዴ «ጥያቄዎ በብሔራዊ ስትራቴጂው ማዕቀፍ ይታያል» የሚል ደብዳቤ መጣላት፤ አንዴ ደግሞ «ተፈጥሮን እንታደግ» የሚል ኮፍያ።

«አሁን ይሄን ወንዙ ላይ ልድፋለት?» አለችው ታላቅ ወንድሟን። እሱ ታች ሰፈር፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው የሚኖረው፤ እግሩ ተሰብሮ በክራንች ነው የሚሄደው።

«ተይ እህት ዓለም፣ ቢያንስ ፀሐይ ይከልልሻል» ብሎ ሳቀባት።

አንድ ቀን በጠራራው እኩለ ቀን፣ ላይ አገር የጣለው ዝናብ ወረደና ወንዙ እንጨቱን ውጦ ሽቅብ ቀጠለ። ደወለች።

«እንጨቱ አይታይም! ሳይረኑን አስጩሁልኝ፣ ሰው ሊያልቅ ነው!»

«ቁጥር ይስጡኝ እንጂ እናቴ» አለ ስልክ ተቀባዩ። «ያለ ቁጥር ማዘዝ አንችልም።»

«አይታይም እያልኩህ!»

«እንግዲያው አራት ብዬ ልመዝግበው?»

ወንድሟ ክራንቹን ሲፈልግ ታያት። ደሟ ፈላ። «አምስት ከሃያ!» ብላ ጮኸች። ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም።

ሳይረኑ ጮኸ። ጎረቤት ወንድሟን አዝሎ ዳገቱን ሲጀምር ውሃው በሩን አልፎ ገብቶ ነበር። ሰው አልሞተም፤ የወንድሟ ቤት ግን ከነዕቃው ሄደ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ በሦስት ዓመት አንድ እንጨት መላክ ያቃተው መሥሪያ ቤት በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ላከ። «በአራት ሜትር መለኪያ አምስት ከሃያ እንዴት እንዳነበቡ በጽሑፍ ያስረዱ፤ አለዚያ ከሥራ ይሰናበታሉ።»

«ዓይኔ አሳስቶኝ ነው በያቸው» አለ ወንድሟ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ያላሳሳተኝ ዓይን?»

ድልድዩ ላይ ወጣች። ወንድሟ ቀሚሷን ጨምድዶ ይዞላት፣ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ ከእንጨቱ አናት ጎርፉ ምሰሶው ላይ እስከተወው የጭቃ ምልክት ድረስ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካች። ከዚያ እዚያው አጥሩ ላይ ወረቀቱን ዘርግታ መልሷን ጻፈች።

«ዋሽቻለሁ። አምስት ከሃያ አልነበረም፤ አምስት ከሰባ ነበር። እንጨቱ ዛሬም አራት ሜትር ነው።»