ከድልድዩ ወዲያ የሚጨስ ሲጋራ

«ሳንባህስ የየትኛው ወረዳ ነው?» አሉ አባ ፈንታ፣ በአውቶቡሱ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው።

«አባ፣ ስለቴን አላፈረስኩም። እስቴ እዚያ ድልድዩ ጋ አልቋል። ይሄ ስማዳ ነው» አለ ሹፌሩ ሞላ፣ ሲጋራውን እየለኮሰ።

«እመቤቴም ካርታ ዘርግታ ነው የምታይህ?»

ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ሆኜ የዋልኩበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። የረዳት ሥራ ፖርቶ መጋላ ላይ ጭነት ማሰር፣ ወራጅ ማውረድና ቁልቁለት ላይ ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ ነው ተብሎ ተነግሮኛል። ተሳፋሪ የሞላ መኪና ለአንድ ሰው ሱስ በታኮ መያዝ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

ስለቱን የተሳለው ራሱ ሞላ ነው። በቅርቡ የተወለደው ልጁ ደረቱ ሲር ሲር ሲልበት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጭስ እንዳይደርስበት አስጠነቀቀች። ሞላ ቤተ ክርስቲያን ሮጦ «በእስቴ ምድር ሲጋራ ከአፌ አይገባም» ብሎ ተሳለ። የቃል አመራረጡን ላየ፣ መሪ ላይ የባከነ ጠበቃ ነው።

ከስማዳ በተመለሰ ቁጥር ካፖርቱ ስለሚሸት፣ ሚስቱ ይታይሽ ልጇን አዝላ እናቷ ቤት ገባች። የእናቷ ቤት ደግሞ ወገዳ ነው፤ ስማዳ። እንግዲህ እስቴ ያለው ባዶ ቤት ንጹሕ አየር ሲተነፍስ፣ ጭሱ ልጁን ተከትሎ ወገዳ ይገባል።

ያን ዕለት ወገዳ ደርሰን፣ ያመጣውን የልጅ ልብስ ተሸክሜ አብሬው ሄድኩ። ይታይሽ በሩን ገርበብ አድርጋ አሸተተችው።

«እስቴ ላይ እኮ አንድም አላጨስኩ!»

«እኔና ልጅህ ያለነው ስማዳ ነው። ሳትተው እንዳትመጣ።»

በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ አለ።

ወሬው ሲሰማ አውቶቡሱ ሐኪም ቤት ሆነ። ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ የማስተው ባለሙያ ነው። አንዱ ቆሎ ያዝዛል፣ ሌላው ጠበል። አንድ ወጣት «ጫት ጀምር፣ ሲጋራው ይረሳሃል» አለው። ጅብ ለማባረር ነብር መጥራት ማለት ነው።

ሞላ በመጨረሻ ወደ ነርሷ ሄደ።

«ጋሼ ሞላ፣ ቀን ይቁረጡና በሁለቱም ወረዳ ይተውት» አለችው። «ሲጋራውንም ላይተሩንም ይጣሉ። አምሮቱ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ እስኪያልፍ ውሃ ይጠጡ፣ ዝንጅብል ያኝኩ። የሚያስታውስዎትን ቦታ ይሽሹ። ከወደቁም ተነሥተው ይምጡ እንጂ በዚያው አይቅሩ።»

«የሚያስታውሰኝ ድልድዩ ነው።»

ድልድይ ማንሳት የጤና ጣቢያ ሥራ አይደለም።

ሞላ ለእኔ ትእዛዝ ሰጠኝ። «ድልድዩን ስንሻገር ብለምንህም ታኮ ይዘህ እንዳትወርድ። ይልቅ ደብተርህ ላይ ከምትጽፋቸው ግጥሞች አንዱን በልልኝ።»

ግጥም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፤ አስተማሪውም ተማሪውም ሰነፍ ነበሩ። ድልድዩን ስንሻገር ስለ ጭጋግ የጻፍኩትን ረጅሙን ጀመርኩለት። ሞላ መሪውን አንቆ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ ዳገቱን ወጣ።

«በቃ! በቃ! አለፈልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ገና መግቢያው ላይ ነበርኩ። ግጥሜ ለሰው የጠቀመው ያኔ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ተራ አስከባሪውን፣ መንገድ ላይ የተኙ ፍየሎችንና እኔን ሲሰድብ ከረመ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ውሎ አጨሰ። በማግስቱ ተሳፋሪ ሳይጭን ነርሷ ዘንድ ሄደና እንደገና ጀመረ። አባ ፈንታም በተሳፈሩ ቁጥር ድልድዩ ላይ ይጠይቁታል፦ «ሞላ፣ የት ነን?»

«መኪና ውስጥ ነን፣ አባ።»

ገብስ ሲታጨድ ወገዳ ያለውን የአማቱን በር እንደገና አንኳኳ። እኔም ከኋላው ቆሜያለሁ። ከሥራዬ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው፦ ሲጋራ በግማሽ አይተውም። አምሮቱ ያልፋል፤ እስኪያልፍ ግን አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፣ መጥፎ ገጣሚም ቢሆን።

ይታይሽ ኮሌታውን አሸተተች፤ ቀጥላ ጣቶቹን።

«ዝንጅብል ዝንጅብል ትላለህ» አለችው። ልጇን አዝላ ወጣች።

እናቷ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። መቀርቀሪያውን ግን አላስገባችም፤ ለማንኛውም፣ ከተመለሰች ብላ መሰለኝ።