ሉጥፊያ የላከችው ፎቶ

ሉጥፊያ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመት የኖረች የወሎ ሰው ናት። ካርቱም ያለ አበሻ ሁሉ ዋትሳፕ ሲገባ እሷ ያቺን ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልኳን ይዛ ቀረች። ምክንያቷን ለማንም አትናገርም። የመጀመሪያ አሠሪዎቿ ልጅ፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን ቀሚሷን ሰብስባ ልብስ ስታሰጣ፣ ሳታውቅ ፎቶ አንስቷት ለጓደኞቹ በትኖት ነበር። ያወቀችው ዳቦ ልትገዛ ሄዳ፣ ባለሱቁ ስልኩንና እሷን እያፈራረቀ ሲያይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ የያዘ እጅ ወደ እሷ ከዞረ ሻሿን ወደ ፊቷ ትስባለች።

ኋላ ግን አል-ሳሃፋ ሰፈር ያለው የአበሾች እድራቸው መልእክቱን ሁሉ በዋትሳፕ አደረገው። ቀድሞ ሰው ሲሞት ቤት ለቤት ይነገር ነበር፤ ያ ቀረ። ግሩፑን የምትመራው ናርዶስ የምትባል ወጣት፣ "ሉጥፊያ፣ ለአንቺ ብቻ ማን ይዙርልሽ?" አለቻት ሳቅ ብላ። ሉጥፊያም ነገሩ እንዲያልፍ አብራ ሳቀች።

አላለፈም። የቅርብ ጓደኛዋ የወይንሸት እናት አገር ቤት ሞተው፣ መርዶ ተነግሮ፣ ተለቅሶ፣ ሰልስት ወጥቶ፣ ሉጥፊያ አልሰማችም። በሳምንቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ "ምነው ጠፋሽ፣ አገባሽ እንዴ?" ብላ ቀለደችባት። ወይንሸት የለበሰችውን ጥቁር ዝቅ ብላ አየችና አልፋት ሄደች። ሉጥፊያ ጥቁሩን ልብ ያለችው ያኔ ነው። ሠርግ የቀረ ሰው ሰበብ አያጣም፤ ለቅሶ የቀረ ግን ምን አፍ አለው? ቤቷ ሄዳ እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት። ወይንሸትም ታረቀቻት፤ እንደ ድሮው ግን አልሆኑም። ሉጥፊያ ወዲያው የሚነካ ስልክ ገዛች፣ ናርዶስም ግሩፑ ውስጥ አስገባቻት።

ከገባች በኋላ ደግሞ ዝምታዋ አልተወደደላትም። ሰው የልጁን ፎቶ ይልካል፣ ይቀልዳል፣ ይመራረቃል፤ እሷ ታያለች ብቻ። አንዱ፣ "ሉጥፊያ ታያለች እንጂ አትናገርም፤ ሰላይ ናት መሰል" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። ቀልድ መሆኑን ታውቃለች። በሰው አገር ለሚኖር ግን እንዲህ ያለው ቀልድ ሆድ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ሐሙስ አሠሪዋ ሽንኩርትና ቅመም እንድታመጣ ኦምዱርማን ገበያ ላከቻት። በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግራ፣ ሰው በሚጋፋበት መሐል ስትሄድ ዛኪርን አየችው። ዛኪር የእድሩ ጸሐፊ ነው። የአንድ ንግድ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው የሚያማክረው ሰው ስለሆነ "ሙዲር" ይሉታል፣ አለቃው እንደማለት። ያን ቀን ግን ደርዳጋ ይገፋል፤ ያቺን የሱዳን ተሸካሚዎች ዕቃ የሚያመላልሱባትን ባለ አንድ ጎማ ጋሪ። የድንች ጆንያ ተከምሮባት ግንባሩ በላብ ርሷል።

ለምን እንደሚገፋ አላሰበችም። ያሰበችው ግሩፑን ነው። ስሙን ጮክ ብላ ጠራችው። ዛኪር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጋሪውን ገፋ ገፋ አደረገ። እሷም ስልኳን አውጥታ ከጎኑ ፎቶ አነሳችው፣ "ሙዲራችንን ኦምዱርማን አገኘሁት፤ ማሻአላህ ጉልበት!" ብላ ላከች። ግሩፑ ከገባች መጀመሪያ የላከችው ነገር እሱ ነበር።

ስትመለስ አውቶቡሱ ላይ ስልኳ ባለማቋረጥ ይንጫጫል። ሰዎች ይስቃሉ፤ አንዱም "ያላ ሙዲር፣ የእኔንም ጆንያ ና አንሳልኝ" ብሎ ጻፈ። ደስ አላት። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ተቆጠርኩ አለች በልቧ። ከዚያ ዛኪር ከግሩፑ ወጣ የሚል መስመር መጣ። ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ ፋሪሃም ወጣች። ሳቁ ባንዴ ቆመ።

ማታ ናርዶስ ደውላ ነገሩን ነገረቻት። ንግድ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ዛኪር ለፋሪሃ እንኳ አልነገራትም፤ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሳለት ይወጣል፣ ገበያ ደርሶ ልብስ ይቀይራል። ናርዶስ ፎቶውን ብታጠፋውም ያስቀረው አስቀርቶታል፤ አገር ቤት ወንድሞቹ ዘንድ ሳይቀር ደርሷል። ሉጥፊያ ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ያ የአሠሪዎቿ ልጅ ትዝ አላት። እሱስ ክፉ አስቦ ነበር? እሱም ሰው ሊያስቅ ብቻ ይሆናል።

በማግሥቱ ቤታቸው ሄደች። በር የከፈተችላት ፋሪሃ ናት፤ ግቢ ሳትላት መንገዱን ለቀቀችላት። ዛኪር ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል።

"አፉ በለኝ ወንድሜ። ባላውቅ ነው" አለች።

"ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ" አለ ዛኪር ቀና ሳይል። "የዞርኩት እንዳታነሺኝ ብዬ ነው። አላየሽም?"

አላየሁም ማለት ትችል ነበር። ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። "አይቻለሁ" አለች።

ይኼኔ ፋሪሃ ተናገረች። "ከራሱ አፍ ብሰማው አብሬው አዝን ነበር። እኔ ግን ከአገሩ ሰው ጋር እኩል ሰማሁት። እየሳቁ።" ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ አልተመለሰችም። ሉጥፊያ ጫማዋን አጥልቃ ስትወጣ የሸኛት የለም።

ዛኪር የእድሩን ጸሐፊነት ተወ። ደርዳጋውን ግን አልተወም፤ አሁን ከቤቱ በሥራ ልብሱ ይወጣል፣ ምሳውንም ፋሪሃ ትቋጥርለታለች ይባላል። ሉጥፊያ ከግሩፑ ልትወጣ አስባ ነበር፤ ለቅሶ እንዳይቀርባት ፈርታ ተወችው። ኦምዱርማን ስትሄድ ግን በድንች ተራ በኩል አታልፍም፣ ዞራ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ዞራም አላመለጠችም። ዛኪር ከፊቷ ዱብ አለ። ጆንያዋን ከእጇ ተቀብሎ ደርዳጋው ላይ ጫነና እስከ አውቶቡሱ ገፋላት። እሷ ከኋላው አንገቷን ደፍታ ተከተለች። ዕቃዋን አውርዶ ሲጨርስ፣ "ለፋሪሃ ደውዪላት" አላት። "መልእክት አትላኪ። ደውዪ።"

"ኢንሻአላህ" አለች። አውቶቡሱ ተነሣ።

እስከ ዛሬ አልደወለችም። የፋሪሃን ስም ታወጣና ታየዋለች፣ ከዚያ ስልኩን ትራሷ ሥር ትከተዋለች።