የቃሬዛው ማኅበርና የበሩ ድንጋይ

አምቡላንስ ወደ ወረዳችን የመጣ ጊዜ ቀበሌው ጠራኝና የቃሬዛ ማኅበሩን ታሪክ ጽፌ በምረቃው ቀን እንዳነብ አዘዘኝ። አንድ ገጽ ጻፍኩ። ስንት ወላድ እንዳተረፍን፣ ስንት ክረምት በጭቃና በውርጭ እንዳለፍን፣ ሁሉንም በነጻ፣ በትከሻችን እንደሠራን አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ። ስለ በሩ ድንጋይ አልጻፍኩም። እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ ድንጋዩን ያስነሣ ነበረ፣ አይቶ የሳቀም ነበረ፤ አንዱም «ይህን ረሳህ» አላለኝም።

ማኅበሩን ያቋቋሙት አሥር አለቃው ናቸው። መንግሥት ሲለወጥና ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው ወደ መንዝ ገቡ፤ ጠመንጃቸውን አስረክበው፣ አንድ ካፖርትና አንድ ኮዳ ይዘው። ጦር ሜዳ ላይ ሥራቸው ቁስለኛ ማንሣት ነበር። በገቡ በዓመቱ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ዘመሮ ጤና ጣቢያ ትድረስ ተብላ በበቅሎ ላይ በገመድ ታሰረች። ወንዙ ላይ በቅሎዋ ተንሸራተተች፤ ሴትዮዋ እንደታሰረች ውኃ ውስጥ ሞተች። አሥር አለቃው ለቀስተኛው ፊት ቆመው «በበቅሎ የሚጫን እህል ነው። ሰው በሰው ነው የሚሄድ» አሉ። በማግስቱ ከጓሯቸው ሁለት ጥድ ቆርጠው ጠረቡ፤ መኻሉን በበሬ ጠፍር አያያዙት። ቃሬዛችን ይኸው ነበር።

ጥሩምባ ሲነፋ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ይከተላሉ፣ ሌሎች አራት ቀድመው ሄደው መንገዱን ያበጃሉ። ከእኛ መንደር እስከ ዘመሮ አራት ሰዓት ያስኬዳል፤ ትከሻ ሲዝል ሳይቆሙ ይቀያየራሉ። ቃሬዛው መሬት መንካት የለበትም። አሥር አለቃው ከኋላ ሆነው «ግራ! ግራ!» እያሉ ያስኬዱናል፤ በግ ከመጠበቅ በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው ሁሉ እንደ ወታደር እግሩን ያስተካክላል። እውነት ለመናገር ብዙ ሰው ድኗል።

«ቅጣት የሌለው ሠራዊት መንጋ ነው» ይሉ ነበር አሥር አለቃው። ስለዚህ ደንብ ወጣ። ጥሩምባ እየሰማ ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ቃሬዛው ቤቱ አይሄድም። ይቅርታው እንደ አገሩ ልማድ ነው፤ ድንጋይ በትከሻው ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ቤተ ልሔሙ ይሄዳል፣ ይንበረከካል፣ «ማሩኝ» ይላል፤ ማኅበርተኛውም «ተማር» ይለዋል። ድንጋዩ ለምልክት ነው፤ ከጡጫ አይበልጥም። አንዳንዱ እየሳቀ በአንድ እጁ አንገቱ ሥር ለጥፎት ይሄድ ነበር።

ድንጋዩን ያከበድኩት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ፣ የዜማ ቤቱንም ጥዬ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ግጥም በራሴ የተማርኩ ሰው ነበርኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ የሰውን ጉድለት ለማየት ግን ዓይኔ አይደክምም። የታወቅሁበት የመጀመሪያ ግጥም ቡአ ወርዶ ብሽሽቱ ስላበጠው ጎረቤታችን ነበር። አረማመዱን አይቼ «ባለ ቅሉ» አልኩት። ሰኞ ገበያ ላይ አሉት፣ ማክሰኞ ልጆች አሉት፣ በመጨረሻ የገዛ ምራቱ ስታማው ተሰማች። ዓመት ሳይሞላ መሬቱን በእኩል ለሚያርስ ሰጥቶ ዓለም ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ ወረደ። እኔ ሁለት ስንኝ ሰውን የት ድረስ እንደሚያስኬድ አየሁና ደስ አለኝ።

አሥር አለቃው ይህን ተሰጥኦዬን ለማኅበሩ አዋሉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ግንብ ላይ ተቀምጬ በሳምንቱ የቀሩትን በግጥም አነሣ ነበር። ከደንቡ ይልቅ ግጥሙን ፈርቶ የሚወጣው በዛ።

ባና ሠሪው ብቻ አልወጣም።

ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራሙ ልብሳችን ነው፤ እሱ የሚሠራው ደግሞ ዝናብ አያሳልፍም ይባልለት ነበር። ቁመቱ በበር ጎንበስ ሳይል አያስገባውም፤ ትከሻው ሰፊ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቃሬዛውን የፊት ቀኝ የሚይዘው እሱ ነበር። ከዚያ ድንገት ቀረ። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ሚስቱ አንድ ባና ይዛ ትመጣና «ለበሽተኛው ይሁን» ትላለች። ባናውን እንቀበላለን፤ ባሏን እንሰድባለን። ባናውን ሲሠራ እግሩን የሚከትበትን ጉድጓድ አስቤ እንዲህ አልኩለት፦

ትከሻው እንደ በር፣ ቁመቱ እንደ ግንድ፣
ጥሩምባ ሲሰማ ይገባል ከጉድጓድ።

ይህን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። እሱ በሚያልፍበት መንገድ ይሉት ነበር።

ነሐሴ ነው፤ እሑድ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በደጀ ሰላሙ ሳለ ባና ሠሪው በጭጋጉ ውስጥ መጣ። ጋቢውን ከወገቡ በታች አጥብቆ አጣፍቷል።

«አባቶቼ፣ ምጥ ጠንቶባታል። ከትናንት ጧት ጀምሮ ነው። አዋላጇ ከእኔ አቅም አለፈ ብላለች።»

ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ጥሩምባውን አነሣ። አሥር አለቃው እጃቸውን አነሡ፤ እሱም አወረደው።

«ስንቴ ቀርተሃል?» አሉት።

«ደርሶብኝ ነው፣ አሥር አለቃ።»

«ስንቴ ነው ያልኩህ?»

«አምስቴ።»

«ሰባቴ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መቁጠር አይመችም!»

ተሳቀ። ባና ሠሪው ዝቅ አድርጎ «ያመኛል እኮ» አለ።

«ምንህን?»

ዙሪያውን አየ። ሴቶቹ አሉ፣ ልጆቹ አሉ፣ እኔ ግንቡ ላይ አለሁ። «ወገቤን» አለ።

«ወገብ የሌለው ሰው አራተኛ ልጅ ሊወልድ ነው!» አለ ያው ሰውዬ።

ያን ጊዜ የነበረውን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ። እኔም ስቄአለሁ። ባና ሠሪው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና «እሷን አድርሱልኝ፤ ድንጋዩን ስመለስ አነሣለሁ፣ በመስቀሉ» አለ። አሥር አለቃው «ደንብ የሚጠቅመው ሲቸግር ነው» አሉ። «ከበሩ እስከ ቤተ ልሔሙ አርባ እርምጃ አይሞላም። ስትጨርስ ወዲያው እንነሣለን።»

ባና ሠሪው የተለመደችውን ትንሿን ድንጋይ አነሣ። እዚያ ላይ ነገሩ ሊያልቅ ይችል ነበር። እኔ ግን ግጥም መጣልኝ፤ የመጣልኝን መዋጥ አልለመድኩም።

ለሰው ያልጎበጠ የዝግባ ትከሻ፣
ድንጋዩን ያንሣና ይወቅ የሰው ድርሻ።

«እውነት ነው!» አለ ሕዝቡ። «ይቺማ ጠጠር ናት! በቁመቱ ልክ ይስጡት!» ጣት ሁሉ ወደ በሩ ተቀሰረ። በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው የምንደግፍበት ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ሁለት ሰው ነው የሚያንከባልለው። አሥር አለቃው አመነቱ፤ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ሕዝቡን አዩና «እሱን» አሉ።

ባና ሠሪው ድንጋዩን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ በቁጣ አልነበረም። አንድ ሰው ሲዘንብ ሰማዩን እንደሚያየው ነው ያየኝ። ጎንበስ አለ፣ ድንጋዩን ታቀፈ፣ በጉልበቱ አወጣው፣ ትከሻው ላይ አደረሰው። ሄደ። መንገድ መኻል ላይ አንድ ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ፤ ሰው ሲያነጥስ እንደሚያፍነው ዓይነት። ቤተ ልሔሙ ጥግ ሲደርስ ድንጋዩን ጣለው፣ ተንበረከከ፣ «ማሩኝ» አለ።

«ተማር!» አልን በአንድ ድምፅ።

ጥሩምባው ተነፋ። ከዚያ በኋላ ማንም አላጠፋም። ሚስቱን በራሱ ባና ጠቅልለን አወጣናት፤ አፋፉን በጭቃ ወረድን፣ ወንዙን እስከ ጭናችን ገብተን ተሻገርን። ባና ሠሪው ከኋላ ይከተል ነበር። ወንዙ ማዶ ስዞር ካብ ላይ ተቀምጧል። «አሁንም ቀረ!» አለ አንዱ። «ይኼን ሰው ቀሪነት ተጣብቶታል!» ቃሬዛው ስለማይቆም አልቆምንም። ቀትር ሳይደርስ ጤና ጣቢያው ገባች፤ ወንድ ልጅ ወለደች። ነርሷ ወጥታ «ደም ፈሷታል፤ ነገ ጧት ትወስዷታላችሁ። እስከዚያ የሚያስደነግጣት ነገር እንዳይነገራት» አለችን።

ባልየውን ምሥራች ልንለው ባዶ ቃሬዛ ይዘን ወደ ኋላ ወረድን። እዚያው ካብ ሥር ተጣጥፎ ተኝቷል። አስመልሶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አሥር አለቃው ጋቢውን ገለጡ፤ መልሰው ሸፈኑት። እኔ ግን አይቻለሁ። ብሽሽቱ ላይ የወረደው ነገር እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉት።

«ቡአው? ሦስት ዓመት። ይገባ ይወጣ ነበር። ዛሬ አልመለስ አለ።»

«ታዲያ አትናገርም ነበር? አንተ የማትረባ! ማን ድንጋይ ያስነሣህ ነበር?»

ባና ሠሪው በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ለዚህ ልጅ? ቅዳሜ ብናገር ሰኞ ባለ ቅል ሆኜ አድር ነበር። ከስም ድንጋይ ይሻላል።»

መለስ ብሎ «ወለደች?» አለ።

«ወንድ» አልነው።

«እንግዲህ እከብዳችኋለሁ» አለና በራሱ እጅ ወደ ቃሬዛው ተሳበ።

የፊቱን ቀኝ ያዝኩ፤ የእሱን ቦታ። ደክሞናል፣ ርቦናል፣ ዳገት ነው። አንዱ «ሲቀር ሸክም፣ ሲመጣ ሸክም» አለ፤ ዝም በል ያለው የለም። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሷ ገና ስታየው ፊቷ ተለወጠ። አንጀቱ ታንቋል፣ የሚድነው በቀዶ ጥገና ነው፣ ሆስፒታል ደግሞ የመኪና መንገድ ነው አለች። ወረዳው የነበረችው አንዲት መኪና ለሥራ ወጥታ ጎማ ፈንድቶባት ቆላ ቀርታለች። ሚስቱ ከግቢው ወዲያ ማዶ ባለው ክፍል ከሕፃኑ ጋር ተኝታለች። እሱ ሲቃትት እንዳትሰማ የጋቢውን ጫፍ ነከሰ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተ።

በማግስቱ ጧት አንድ ቃሬዛና የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ነበሩን፤ አንዷ አራስ፣ አንዱ ሬሳ። አሥር አለቃው ከአንድ ቄስ በቅሎ ለምነው ሬሳውን በባናው ጠቀለሉት፤ ከጓሳ ሣር በተገመደ ገመድ በሆዱ ጫኑት። እኔ «አሥር አለቃ፣ በበቅሎ የሚጫን እህል ነው ብለው አልነበር?» አልኩ።

«ይኼ አሁን ሰው አይደለም» አሉኝ። «ደግሞ አንተ ዛሬ ባትናገርስ?»

መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ለአራስ ደግሞ ቤቷ ገብታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ደግፏት ነው። ስለዚህ በቅሎዋ ሩቅ ወደ ኋላ ሆና በጭጋጉ ውስጥ እንድትከተል ተደረገ። እኛ ቃሬዛውን ይዘን ፊት ወጣን። ሴትዮዋ ሕፃኑን ታቅፋ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ደስ ብሏታል።

«አባቱ የታለ?» አለች።

«ከኋላ እየመጣ ነው» አሉ አሥር አለቃው። ውሸት አልነበረም።

«ታዲያ እንዴት ይቅር አላችሁት? ድንጋይ አነሣ?»

እርምጃችን ተዛነፈ። «አነሣ» አሉ አሥር አለቃው። «ትንሿን።»

ትንፋሿን ለቀቀች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ትንሿን ስላደረጋችሁለት እግዜር ይስጥልኝ።» ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። የባሏን ምስጢር ያን ጊዜም ጠበቀችለት።

ጥቂት እንደሄድን ከፊት ያለሁትን እኔን አየችኝ። «ያ ገጣሚው አንተ አይደለህ? በእሱ ላይ ስንት ክፉ አውርደሃል። ዛሬ እንኳ ለልጁና ለእሱ አንድ ደግ በልልኝ፤ ሲደርስ እነግረዋለሁ።»

ከኋላችን የበቅሎዋ ኮቴ በድንጋዩ ላይ ይሰማል። አልችልም ማለት ነበረብኝ። ድምፄ ተዘግቷል ማለትም ይቻል ነበር። ግን መጣልኝ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ያለ ድካም መጣልኝ።

ልጁ በቃሬዛ፣ አባቱ ከኋላ፣
ሁለቱም ይገቡ በባና ከለላ።

ከአራታችን ተሸካሚዎች አንድም ቀና ያለ የለም። አሥር አለቃው «ግራ! ግራ!» ማለታቸውን ትተው ነበር። እሷ ግን ሳቀች። ሕፃኑን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ «ሲያምር» አለች። «ድገምልኝ፣ እንድይዘው።»

ደገምኩላት።