ሻሽና ካልሲ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ቤተሰቦቿ ብቻ ናቸው፤ ለሌላው ሁሉ ዞማ ናት። ስፌት ፋብሪካ የገባች ዕለት አለቃዋ መቀስ ስትሰጣት ፀጉሯን አየችና "ይሄን ዞማ ጠቅልይው፣ ማሽን እንዳይበላብሽ" አለቻት። በቃ፣ ስሙ ተጣበቀባት። ባሏም የተዋወቃት በዚሁ ስም ነው። የፋብሪካው ሰርቪስ ሾፌር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን ሲያመጣ በመስታወት ሰርቆ ሲያያት ከርሞ፣ አንድ ቀን "ዞማ፣ ነይ ከፊት ተቀመጪ" አላት። ሄዳ ተቀመጠች፤ ይኸው እንደተቀመጠች ቀርታ ወንድ ልጅ ወለደችለት።

ሥራዋ ክር መልቀም ነው። ተሰፍቶ ያለቀ ሸሚዝ ፊቷ ይከመራል፤ ከአዝራሩ ሥር፣ ከእጅጌው ጫፍ፣ ከኪሱ ውስጥ የተረፈውን ክር እየፈለገች ትቆርጣለች። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ሞክሩት። ከሰዓት በኋላ ዓይን ይፈዛል፣ ነጩም ጥቁሩም አንድ ይሆናል። እሷ ያሳለፈችው ሸሚዝ ግን ክር ተገኘበት ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። አለቃዋ ሌሎቹን ስትቆጣ "ዞማን እዩ" ነበር የምትለው።

ልጁ ሦስት ወር አልፎት፣ ወደ ሥራ ልትመለስ ጥቂት ሲቀራት ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ማበጠሪያው ላይ፣ ቀጥሎ ትራሱ ላይ አየችው። ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ስትታጠብ እጇን ሞልቶ ይመጣል፤ ከግንባሯ ግራና ቀኝ ቆዳዋ ብቅ አለ። አንድ ቀን ባሏ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ አልወርድ ብሎት ቱቦውን ሲከፍት፣ እፍኝ ሙሉ ፀጉር መዞ አወጣና "ኧረ ዞማ፣ ለኔም አስተርፊልኝ እንጂ" ብሎ ሳቀ። ቀልዱ ነው፣ ክፋት የለበትም። እሷም ሳቀች፤ ቱቦው ከስንት ዘመን ጀምሮ ያጠራቀመው ነው ብላ አሳለፈችው። መኝታ ቤት ገብታ ግን ትራሷን ነክሳ አለቀሰች።

ለሰው መንገርማ አይታሰብም። ከዓመታት በፊት ፋብሪካው ውስጥ በካውያ የምትተኩስ አንዲት ሴት ነበረች። ፀጉሯ ሳሳ። ምን ሆነሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ "በሽታ አለባት" ተባለ፣ በሹክሹክታ። ቀስ በቀስ በኩባያዋ የሚጠጣ ጠፋ፣ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፣ በመጨረሻ ራሷ ጠፋች። ያኔ ኩባያዋን ከለዩባት ሴቶች አንዷ ዞማ ነበረች። እንግዲህ አሁን ውስጧን የሚበላት ይሄ ነው። እኔስ ምን ይዞኝ ይሆን እያለች ታስባለች፤ ሐኪም ዘንድ እንዳትሄድ ደግሞ የሚነግሯትን ትፈራለች።

ሻሽ ማሰር ጀመረች፤ ስትተኛም አትፈታውም። አማቷ ሊያግዟት መጥተው ሳሎን ነው የሚያድሩት፤ ዓይናቸው ደግሞ ምንም አያመልጠውም። ስለዚህ ማልዳ፣ ባሏ ሳይነቃ፣ የመኝታ ቤቱን በር ዘግታ ታበጥራለች፤ የረገፈውን ሻሹ ላይ ሰብስባ፣ ሻሹን ከነፀጉሩ ጭንቅላቷ ላይ ትጠመጥመዋለች። በየቀኑ ሻሽ ብቻ ብታጥብ አማቷ ምነው ይላሉ። እሷም ብልጥ ናት፤ ፀጉሩን በእጇ አራግፋ፣ ሻሹን ከልጁ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ትዘፈዝፈዋለች። በልጅ ልብስ መሀል ሻሽ የሚቆጥር ማን አለ? ማንም አልጠረጠረም።

ያን ሰሞን ብርዱ አይጣል ነበር። አማቷ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርበው ለልጁ ያጠልቁለታል። አንድ ጠዋት የታጠበ ካልሲ ተደርጎለት ብዙም ሳይቆይ ማልቀስ ጀመረ። ጡት ሲሰጡት ይዞ ይለቃል፣ ሲያዝሉት ይንፈራገጣል። አማቷ ሆዱ ነው ብለው አሹት፤ አልሆነም። ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ወረፋው ለጉድ ነበር። ነርሱ ጆሮውን፣ ጉሮሮውን፣ ሆዱን አይቶ ትኩሳት እንደሌለው፣ የሆድ ንፋስ እንደሚሆን ነግሯቸው መለሳቸው። ካልሲውን ያወለቀለት የለም። በዚያ ብርድ ማን ያወልቃል?

በማግስቱ ጠዋት ዞማ ልታጥበው ካልሲውን ስትስበው ልጁ እሪ አለ። ከአውራ ጣቱ ቀጥሎ ያለችው ጣቱ ተነፋፍታለች፤ ጫፏ ጠቁሯል። ባሏ ሰርቪስ የሚጠብቁትን ሠራተኞች ከነመፈጠራቸው ረስቶ፣ በዚያው መኪና ሆስፒታል አደረሳቸው።

ዶክተሯ በማጉያ መነጽር አየች። አንድ ነገር ጣቱን አንቆ ይዞታል አለች። አማቷ የካልሲ ክር ነው ብለው ካልሲ ሠሪዎቹን በሙሉ ረገሙ፤ ባሏም የገዛሁት እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ያዘ። ዶክተሯ በቀጭን መሣሪያ ቆርጣ ሳበችና በደም የራሰ አንድ ነገር ፋሻ ላይ አኖረች። የጣቱ መልክ ግን አልተለወጠም። ፊቷ አልፈታ አለና ዞር ብላ ጠየቀች።

"ቤት ውስጥ ፀጉር የሚረግፍበት ሰው አለ? ፀጉር ከሆነ ሌላም ይኖራል፤ ሥጋው ውስጥ ገብቶ አይታይም።"

አማቷ ከዶክተሯ አፍ ነጠቁ። "ኧረ የለም! የኔ ከሸበተ ቆየ። የሷን ደግሞ ባየሽው፣ ስሟ ራሱ ዞማ ነው።"

ባሏም ኮራ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዞማ ፋሻው ላይ ያለውን እያየች ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ስትለቅም የኖረች ሴት ናት፤ ክር አለመሆኑን አውቃለች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችውና የሻሿን ቋጠሮ አጠበቀች። ካውያ ተኳሿ ሴት ከነኩባያዋ ፊቷ ድቅን አለችባት። ዶክተሯ እንዲህ ከሆነ እብጠቱ እስኪጎድል እንጠብቅ ብላ ወደ ሌላ ታካሚ ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አሉ። ልጁ እቅፏ ውስጥ ያለቅሳል። አሁን እነግራታለሁ፣ ይሄ ሰውዬ ይለፍ፣ ያቺ ሴትዮ ትለፍ እያለች ተቀመጠች። አይ ሰው መሆን! የራሷ ልጅ እኮ ነው። ቆይቶ ልጁ ድምፁ ሰለለና ዝም አለ፤ አማቷ ተሻለው መሰለኝ አሉ። እሷ ግን የልጇን ዝምታ ታውቀዋለች፤ አልተሻለውም፣ አቅም አጥቶ ነው። ያኔ ተነሥታ ሮጠች። ዶክተሯ ፊት ቆማ የሻሹን ቋጠሮ ፈታችው፤ የጠዋቱ ፀጉር ወለሉ ላይ ተበተነ።

"ክር አይደለም፣ ዶክተር። የኔ ፀጉር ነው።"

ከኋላዋ ተከትለዋት የመጡት ባሏና አማቷ በሩ ላይ ቀሩ። ዶክተሯ ልጁን ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች። አጥንቱ ድረስ የሰመጡ ሌሎች ሁለት ፀጉሮች ወጡ። የጣቱ ጫፍ ግን አልዳነም፤ ቆረጡት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ዶክተሯ አጠገቧ ተቀምጣ አስረዳቻት። ከወሊድ በኋላ የብዙ እናቶች ፀጉር ይረግፋል፣ በሽታ አይደለም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይበቅላል አለቻት። ዞማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

"ያኔ እንደጠየቁኝ ብነግርዎት ኖሮ ጣቱ ትተርፍ ነበር?"

"አላውቅም፣ እህቴ" አለቻት።

ባሏ አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ከሥራ ሲገባ፣ እንዴት ዋልሽ ከማለቱ በፊት፣ የልጁን ካልሲ አውልቆ በየጣቱ መሀል ያያል። ዞማ ብሎ መጥራቱንም ተወ፤ "ስሚ" ነው የሚላት። አማቷ የቀረውን ፀጉሯን በመቀስ ከሥሩ ቆረጡላት፤ እየቆረጡ፣ ምነው ለኔ እንኳ ብትነግሪኝ እያሉ አለቀሱ።

ፀጉሯ ዶክተሯ እንዳለችው ተመለሰ። ልጁ ዳዴ ማለት ሲጀምር ጆሮዋ ጋ ደርሶ ነበር፤ ያለ ሻሽ ሥራ የገባች ዕለት አለቃዋ "ዞማችን መጣች" ብላ ሳመቻት። ልጁ ሲቆም እግሩን ያዝ ያደርገዋል፤ እሷ ፊቷን ታዞራለች።

ሰሞኑን ደግሞ አዝራር የምትተክል አንዲት ወጣት ወልዳ ወደ ሥራ ተመለሰች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራለች፤ በየደቂቃው ጫፉን ትነካካለች። ዞማ በምሳ ሰዓት አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠችና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ፀጉርሽ ይረግፋል ወይ አለቻት። ወጣቷ ዙሪያዋን ገላመጠች።

"እኔ? ኧረ ደህና ነኝ" አለችና ቋጠሮዋን አጠበቀች።

ዞማ አልተከራከረቻትም። እሷም እንዲሁ ነበር የምትለው።

"እሺ። የልጅሽን ካልሲ ግን ገልብጠሽ እይው" አለቻትና ወደ ሸሚዞቿ ተመለሰች።