የኋላ ወንበር

ሰውዬው እሁድ እሁድ ጠዋት ነጭ ቪትዙን ይዞ ጣና ዳር ይመጣል። ቤተ መቅደስ የሚገባ ይመስል ጫማውን አውልቆ መኪናው ውስጥ ሲገባ፣ እዚያው ዓሣ የምትጠብሰው መሲ ባየችው ቁጥር ትስቅ ነበር። ወንበሮቹ ከፋብሪካ የወጡበት ላስቲክ እንኳ አልተነሳላቸውም ነበር፤ ሲቀመጥባቸው ይንኮሻኮሻሉ።

«የሚነዳ ሁሉ መኪና ይወዳል እንዴ? እኔ ግን አፍቃሪ ነኝ!» ይላት ነበር ደረቱን ነፍቶ።

ከክረምቱ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ጫማውን አያወልቅም። የኋላውን ወንበር ላስቲክ ቦጫጭቆ ጥሎታል። ዓሣ የያዘውንም፣ ጭቃ የረገጠውንም፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይጭናል። «መኪና አፍቃሪው!» ብለው ሲጠሩት አንገቱን ይደፋል።

«ጋሼ፣ ላስቲኩን ምን በላው?» አለችው መሲ ዛሬ።

ዓይኑን ከሐይቁ ሳያነሳ መለሰላት።

«እናቴን ከዱርቤቴ ወደዚህ ሐኪም ቤት ላመጣት ሄድሁ። ያስመልሳት ነበር። በሩን ስከፍትላት ወንበሩን አየችና፣ ‹ልጄ፣ እንዳላበላሽብህ በሚኒባስ ልምጣ› አለችኝ።»

መሲ ዓሣውን ማገላበጧን ተወች።

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«እሺ አልኋት።»