ሁለት ሳምንት ጠብቂኝ ያልኳት እህቴ

ባለፈው ሐምሌ ከልጄ ጋር ደቡብ ጣሊያን ደርሼ ተመለስኩ። ኦስሎ፣ ቢየርቪካ ሰፈር የማጸዳው ቢሮ ያሉት ሰዎች «ፌሪየ፣ ዕረፍትሽ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «አዎ፣ ጥሩ ነበር፤ ሙቀቱ ግን አይቻልም» እላቸዋለሁ። ስለ እህቴ ማንም አያውቅም።

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ጣሊያን የገባነው አብረን ነው። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሮም ስንንከራተት ከርመን፣ አንድ ያገር ሰው ወደ ሰሜን በሚሄድ መኪና አንድ ቦታ አለ አለኝ። «ሁለት ሳምንት ብቻ ጠብቂኝ፣ እወስድሻለሁ» አልኳት። «እሺ እትዬ» አለችኝ።

ኦስሎ የመኖሪያ ወረቀት እስካገኝ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሳገኝ ደግሞ እህት ማምጣት አይፈቀድም አሉኝ። ያኔውኑ ብነግራት ምናልባት ትረዳኝ ነበር። አልነገርኳትም። ስትደውል «ትንሽ ታገሺ» እያልኩ ቆየሁ፤ አግብቼ ልጅ ስወልድ የስልክ ቁጥሬን ቀየርኩ።

እዚሁ ኦስሎ፣ ሮምሶስ ሰፈር ያሳደግኳት ልጄ አሁን ሃያ ዓመቷ ነው። አክስቷ ጣሊያንን ወድዳ እንደቀረች ነበር የነገርኳት። በኢንተርኔት ፈልጋ አገኘቻት፤ እህቴ ሲሲሊ ውስጥ አንዲት አሮጊት እያስታመመች እዚያው ቤት ታድራለች። «ማማ፣ እንሂድ፤ ሁሉንም እኔ አዘጋጃለሁ» አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

ከሮም በባቡር ወረድን። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ባቡሩን ፉርጎ በፉርጎ ለያይተው ከነሰዉ መርከብ ውስጥ አስገቡት። ልጄ ገርሟት «ወጥተን እንይ!» አለች። «ኔይ፣ አልወጣም፤ አንቺ ሂጂ» አልኳት። ያኔ ወደ ሮም ስንሄድ ያንኑ ባሕር ስንሻገር እህቴ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር።

ማዶ መኪና ተከራየን። ሰውዬው የኖርዌይ ፓስፖርቴን ሲያይ ፈገግ ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። በዚያ አገር ፖሊስ ባየሁ ቁጥር እሸሽ ነበርና፣ ፈገግታው ደስ አለኝ። እህቴ ቤት እስክንደርስ ኮራ ብዬ ነዳሁ።

አሮጊቷ ቤት ሥር ካለው ቡና ቤት ውስጥ እህቴን ጠበቅናት። ፀጉሯ ሸብቷል። ላቅፋት ስነሣ እጇን ዘረጋችልኝ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። አንቱ ብላ። ልጄን ግን አቅፋ ደጋግማ ሳመቻት።

ልጄ ምንም አልገባትም። «አክስቴ፣ ጣሊያንን እንዲህ ወደድሽው? ኖርዌይ ብትመጪ ምን ነበረበት?» አለቻት።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እንደዚያ ብለው ነው የነገሯት?»

ቡናዬን ማማሰል ጀመርኩ።

«እናትሽ ሁለት ሳምንት ጠብቂኝ ብለውኝ ነበር» አለቻት። «ያጡኛል ብዬ ሌላ ከተማ ሥራ ሲገኝልኝ እንኳ አልሄድኩም። አምስት ዓመት ጠበቅኩ። ከዚያ ስልኩ አልነሣ አለ።»

«ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«አሮጊቷ መድኃኒት የምትወስድበት ሰዓት ደርሷል» ብላ ተነሣች። ቡናዋን አልነካችውም።

ልጄ መኪናው ውስጥ ጎኔ አልተቀመጠችም፤ ከኋላ ገባች። ብዙ ከሄድን በኋላ በኖርዌጂያንኛ «ለምን ዋሸሽኝ?» አለችኝ። ስትናደድ አማርኛው ይጠፋታል።

«ፈርቼ።»

«ምን ፈርተሽ?»

«አሁን እንደምታዪኝ እንዳታዪኝ።»

በመልሱ መርከብ ለብቻዋ ወጥታ ቆመች፤ እኔም አልተከተልኳትም።

አሁን በየእሑዱ ለአክስቷ ትደውላለች። በሯን ትዘጋለች፤ ሲሳሳቁ ሳሎን ድረስ ይሰማኛል። ከእኔ ጋር ስለ ምግብና ስለ ልብስ ማጠቢያ ተራ ነው የምናወራው። አንድ እሑድ ከክፍሏ ስትወጣ «ስለ እኔ ጠየቀችሽ?» አልኳት።

«ኔይ።»

«ሰላም ብላሻለች በያት።»

«ራስሽ በያት። ቁጥሯ አለሽ።»

ቁጥሯ አለኝ። ከተመለስን ስምንት ወር ሆነን፤ እስካሁን አልደወልኩም።