የባለቤቴ እግርና ባለ ሲሶው ጠበቃ

ባለቤቴ ወታደር ሳለ የተሳፈረበት ካሚዮን ገደል ገብቶ ቀኝ ጉልበቱ ተሰበረ። የአስር አለቃነት ማዕረጉንና አንድ የምስጋና ወረቀት ይዞ ወደ አሰላ ተመለሰ። የአካል ጉዳት አበል እንደሚገባው ማንም አልነገረውም። ከአራት ዓመት በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ። እሱ ቢሰማም አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እኔ ግን የሚገባኝን መጠየቅ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ጠበቃ ዘንድ ሄድን። በጋ ከክረምት ካፖርቱን የማያወልቅ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሳ ሰው ነበር። ነገሩን አስረዳን፤ ጉዳቱን የሚመረምረው የጦሩ ቦርድ ካመነበት አበሉ በየወሩ ይከፈላል፣ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ያልተከፈለው ደግሞ ውዝፍ ተብሎ ባንድ ጊዜ ይሰጣል። እሱ የሚፈልገው ከውዝፉ ላይ እኩሌታውን ነው። ከተረታን ግን አምስት ሳንቲም አልጠይቅም አለ።

«እኩል የሚታረሰው መሬት ነው፤ ይሄ እግር ነው» አልኩት። ግማሽ ቀን ተከራክረን በሲሶ ተዋዋልን። ከወርሃዊው አበል ላይ እጁን እንዳያስገባም አስጽፌ አስፈረምኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ጠበቃውን «ባለ ሲሶዬ» ይለው ጀመር። ሰውየውም መንገድ ላይ ሲያገኘን መጀመሪያ የሚያየው የባለቤቴን እግር ነው። ጭቃ ሲረግጥ ካየው፣ «ቀስ ይበሉ እንጂ አስር አለቃ፣ እኔም አለሁበት» ይለዋል።

ቦርዱ በዓመት አንዴ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሰብሳቢው መኮንን ናቸው፤ አንድ ሐኪምና አንድ ጸሐፊ አብረዋቸው ይቀመጣሉ። የእኛ ቀን ሲደርስ ባለቤቴ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከዘራውን በር ላይ ትቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እሺ አስር አለቃ፣ እግርህ እንዴት ነው?» አሉት ሰብሳቢው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነው ጌታዬ» አለ።

ምን ይበል? እንዴት ነህ ላለው ትልቅ ሰው አሞኛል ብሎ መጀመር ለእሱ ብልግና ነው፤ ፈጣሪንም ማስቀየም ነው። መጀመሪያ ደህና ነኝ ይባላል፣ የጠያቂው ቤተሰብ ደህንነት ይጠየቃል፣ ሰውየው ደጋግሞ ከወተወተ ብቻ ትንሽ ያመኛል ይባላል። ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ግን የምንለውን ማንም አይጽፍብንም። ጸሐፊው ጻፈው። ባለጉዳዩ ደህና መሆኑን በራሱ አንደበት አረጋግጧል ብሎ ጻፈ። ሐኪሙም ደህና ነኝ ያለን ሰው ሱሪ ለምን ያስጠቀልላሉ? ሰብሳቢው መርቀው አሰናበቱት።

ጠበቃው ደጅ ላይ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ውሎ ሲያድር ግን ተጽናና። ይግባኝ ብለን ለከርሞ ስለተቀጠርን ውዝፉ በአንድ ዓመት ያድጋል፣ ሲሶውም አብሮ ያድጋል። እኔ በዚህ አልተጽናናሁም። የምንኖረው እኔ በምሸጠው ጠላ ነበር፤ አልበቃ ስላለን ባለቤቴ በዚያ እግሩ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ሊገባ ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ብርድ ላይ ቆሞ የሚያድር ጉልበት እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ ቦርዱ እስኪመለስ እንዲቆይ ለመንኩት።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አለማመድነው። ጠበቃው እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣና እንደ ሰብሳቢው ድምፁን አወፍሮ «እግርህ እንዴት ነው?» ይለዋል። ባለቤቴን ላብ ያጠምቀዋል። በመጨረሻ «ደህና አይደለም... እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። አንድ እሁድ ምስጋናውን ትቶ ሦስት ጊዜ በተከታታይ «ያመኛል» አለልን። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ከሳጉሬ ገብስ የሚያመጡልን ሽማግሌ በበሩ ብቅ አሉና በኦሮምኛ «አከም ቡልቴ?» አሉት፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። «ነጋ፣ ገለተ ረቢ» ብሎ ሳያስብ ደህንነቱንና ምስጋናውን ባንድ ትንፋሽ አወረደው። ጠበቃው ካፖርቱን ቆልፎ ተነሳ።

«በሁለት ቋንቋ ተረታን» አለኝ።

ዓመቱ ደርሶ ቦርዱ መጣ። እኔም ምስክር ተብዬ ገባሁ። ሰብሳቢው ያው፣ ጥያቄያቸውም ያው። ባለቤቴ እኔን አየ፣ ጠበቃውን አየ፣ ጣራውን አየ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፣ «ደህና ነው።» ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

ተነሳሁ። ፈቃድ መጠየቄንም አላስታውስም። «ጌታዬ፣ ይዋሻል» አልኩ። ሌሊቱን የጋቢውን ጫፍ ነክሶ እንደሚያድር፣ ሲነጋ ጉልበቱን በሁለት እጁ እንደ ዕቃ አንስቶ ከአልጋ እንደሚያወርደው፣ አንዳንዴም እንደሚያለቅስ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ባለቤቴ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሐኪሙ ሱሪውን አስጠቀለሉት፤ ጉልበቱን ሲያዩ ብዙ ቆይተው ነው ቀና ያሉት።

በሁለት ወሩ አበሉ ተፈቀደ፣ ውዝፉም መጣ። ጠበቃው ቤታችን ተቀምጦ ሲሶውን ሲቆጥር፣ «የተናገርኩት እኔ፣ የሚከፈለው ለእርስዎ?» አልኩት።

«እሜቴ፣ እርስዎ የጥብቅና ፈቃድ የለዎትማ» አለኝ። ሳቅሁ። ውል ነው፣ ምን ይደረጋል።

ባለቤቴ አልሳቀም። ከቦርዱ ቀን ጀምሮ ስለ እንጨትና ስለ ውሃ ካልሆነ አላናገረኝም። በሰው ፊት አዋረድኩት ብዬ ሁለቱን ወር ሙሉ ስቃጠል ነበር፤ ገንዘቡ እንኳ ደስ አላለኝም። ጠበቃው ከግቢ እንደወጣ ባለቤቴ የቀረውን ብር ወደ እኔ ገፋ አድርጎ አቀረቀረ።

«ያን ሁሉ ዓመት፣ ሌሊቱን ነቅተሽ ነበር?» አለኝ።

«ነቅቼ ነበር።»

«እኔ እኮ ጋቢውን የምነክሰው አንቺን እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነበር» አለ።